የሳርፒያ መሬትና የወንድሟ ካቬያት

ሳርፒያ ታላቅ ወንድሟን ሚስራንን መናቅ የጀመረችው መቼ እንደሆነ ብትጠየቅ ቀኑን መናገር አትችልም። ምናልባት አባታቸው ካሳን ታሞ በተኛበት ወቅት ይሆናል። ሚስራን ከከተማ በሞተር ብስክሌቱ መጣ፤ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ የቀረበለትን ሻይ ጠጣ፤ ስለ አባቱ ሕመም አንድም ቃል ሳይጠይቅ በመሥሪያ ቤቱ ስለተሰቀለው አዲስ ማራገቢያ ሲያወራ ቆይቶ ሄደ። አባትየው በግድግዳው በኩል ሁሉን ይሰማ ነበር። «ሄደ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቃት ሳርፒያ «ሥራ አስቸኩሎት ነው» አለችው። ለወንድሟ ስትል የዋሸችው የመጨረሻ ውሸት እሱ ነው።

ሚስራን ዕድሜውን በሙሉ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ነበር። ፋይል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ያደርሳል፤ ለአለቆቹ ሻይ ያመጣል፤ በር ይከፍታል። ይህ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ ሚስራን ግን ያፍርበት ነበር። ስለዚህ ወደ መንደሩ ወደ ፓሪት ጀምባል ሲመለስ ተላላኪነቱን ከተማ ጥሎት ይመጣል። ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፤ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ይደረድራል፤ የአለቃውን ሳል ሳይቀር ቀድቶ ይስላል። አለቃው ሊናገር ሲል ሁለቴ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ስለነበር፣ ሚስራንም ቡና ለማዘዝ እንኳን ሁለቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ይዞት የመጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ካቬያት።

በመሬት ጽሕፈት ቤት ይህ ቃል እንደ ውኃ ይጠጣል። አንድ ሰው በሌላው መሬት ላይ መብት አለኝ ብሎ ሲያምን ካቬያት ያስገባል፤ ያ እስኪነሣ ድረስ መሬቱ አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ባንክ አይይዘውም። ሚስራን ይህን ያህሉን ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈውን አያውቅም። ፋይሎቹን ሲሸከማቸው ኖረ እንጂ አንዱን እንኳን ገልጦ አላነበበም። ዓይኑ ያየው ግን ነበረ፤ ይህ ቃል ሲጠራ ባለጸጎች ፊታቸው ሲለዋወጥ፣ ገዢና ሻጭ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሡ። እንዲህ ያለ ጉልበት ያለው ነገር በሕይወቱ አይቶ አያውቅም።

አባታቸው ከመሞቱ በፊት ሁለቱን ልጆቹን አጠገቡ አስቀምጦ ነበር መሬቱን በሳርፒያ ስም ያዞረው። የኮኮናትና የቡና ተክል ያለበት፣ ዝናብ ሲበዛ ቦዩ ሞልቶ የሚተኛበት መሬት ነው። ባሏ የሞተባት፣ አባቷን ያስታመመች፣ እዚያው አኩሪ አተር ቀቅላ በቅጠል ጠቅልላ አብላልታ ቴምፔ እየሸጠች የምትኖር እሷ ናት። «አንተስ ምን ትላለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሚስራን ጉሮሮውን ሁለቴ ጠርጎ፣ «እኔ ጭቃ ምን ያደርግልኛል?» አለ። አባትየውም በሰላም ዓይኑን ጨፈነ።

ከዓመታት በኋላ አስፋልቱ እስከ መንደሩ ገባ። ጭቃው ድንገት መሬት ሆነ።

የሳርፒያ አንዲት ልጅ ሮሃዩ፣ ባድሩል የሚባል ሰው አግብታ ነበር። ባድሩል ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ፣ ዛሬ አንድ ሥራ ጀምሮ ነገ ሌላ የሚያልም ሰው ነው። አዲሶቹ ሙሽሮች ቤት የሚሠሩበት ጥግ ቦታ እንዲሰጣቸው ጠየቁና ሳርፒያ ሮሃዩን ይዛ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደች።

በመስኮቱ ያለችው ልጅ መዝገቡን ካየች በኋላ ቀና አለች። «እማማ፣ መሬቱ ላይ ካቬያት አለበት።»

«ምን አለበት? ከብት ነው እንዴ? የማንም ከብት እኔ መሬት ላይ የለም» አለች ሳርፒያ።

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «ከብት አይደለም እማማ። መሬቱ ታግዷል ማለት ነው። ለማንም ማዞር አይችሉም።»

«ማን ነው ያገደው?»

«ሚስራን ቢን ካሳን ይላል። ያውቁታል?»

ሮሃዩ የእናቷን ክንድ ያዘች። ወጥተው አውቶቡስ ተሳፍረው ወደ መንደራቸው ተመለሱ። ሳርፒያ ከአውቶቡሱ እንደወረደች ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ የሚስራን በረንዳ ላይ ወጣች። ሚስራን ከቡና ቤቱ ባለቤት ከዋክ ሱራት ጋር ተቀምጦ ነበር።

እንደነሱ ባሉ የጃዋ ተወላጆች ዘንድ ታናሽ ታላቁን ዝቅ ብሎ ነው የሚያናግረው። ሳርፒያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወንድሟን «ካንግ»፣ ማለትም ታላቅ ወንድሜ፣ ብላ፣ እንደ ወጉ በአንቱታ ነው የምትጠራው፤ ንቀቷን በሆዷ ይዛ አንደበቷን አላበላሸችም።

«ካንግ፣ መሬቴ ላይ እርስዎ ያስገቡት ነገር አለ አሉኝ» አለች።

ሚስራን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደግሞም ጠረገ። «አዎ። ካቬያት ነው። የሕግ ነገር ስለሆነ አንቺ አትረጅውም። የቤተሰቡን ንብረት መጠበቅ የታላቅ ኃላፊነት ነው።»

«አባታችን ሲጠይቅዎ ጭቃ ነው አላሉም?»

«ያኔ ጭቃ ነበር። አሁን የኔ ነው ያልኩት በሕግ ነው። ዋክ ሱራት፣ በሕግ ሲባል ታውቃለህ አይደል?»

ዋክ ሱራት ብርጭቆው ውስጥ አየ።

«ሮሃዩ ቤት መሥሪያ ነው የጠየቀችው። የእህትዎ ልጅ ናት። ምን አደረገችዎ?»

«ካቬያት የእህት ልጅ አያውቅም» አለ ሚስራን፤ አለቃውም እንዲህ ሲል ሰምቶት ሊሆን ይችላል።

ሳርፒያ ወንድሟን አየችው። ተላላኪ ሆኖ የኖረ፣ አባቱን ያላስታመመ፣ ቃል ሸምድዶ በቃሉ የሚመካ ሰው። «አንተ» አለችው። «አንተ ሰው ሆነህ አታውቅም። ሻይ ስታመላልስ ኖረህ ዛሬ ባለሥልጣን ሆንክብኝ?»

ዋክ ሱራት ብርጭቆውን ሳይጨርስ ተነሣ። ወሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቦዩ ወዲያና ወዲህ ያለውን መንደር ሁሉ አዳረሰ። ሰዎቹን ይበልጥ ያስደነቃቸው የመሬቱ መታገድ አልነበረም፤ ሳርፒያ ታላቅ ወንድሟን «አንተ» ማለቷ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መንደርተኛው ሚስራንን «አቶ ካቬያት» ይለው ጀመር። እሱ ግን ማዕረግ መሰለው። በሠርግ ላይ ወንበር ሲያንስ «እኔ እዚህ ካቬያት አስገብቻለሁ» እያለ ይቀመጣል። የጎረቤቱ ዱሪያን የተባለ የፍሬ ዛፍ ቅርንጫፍ በአጥሩ አልፎ ቢመጣ «ካቬያት አስገባበታለሁ» ይላል። የመስጊዱ ኮሚቴ ስለ ጫማ መደርደሪያ ሲወያይ እንኳን ተነሥቶ ስለ ካቬያት ተናገረ። ልጆቹ ደግሞ የራሳቸው ጨዋታ አደረጉት፤ የተጠበሰ ሙዝ ቀርቦ አንዲት ቁራሽ ስትቀር ጣቱን ቀድሞ የቀሰረ «ካቬያት!» ብሎ ይጮኻል፤ ሌላው አይነካትም።

ሮሃዩና ባድሩል ከተማ ውስጥ ጠባብ ቤት ተከራዩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባድሩል ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ለሽያጭ የሚያረባበት ኩሬ ሊቆፍር ነው። ባንክ ሊያበድረው ፈቃደኛ ነው፤ የሚፈልገው መያዣ ብቻ ነው።

«እማ፣ መሬቱን ሁሉ እኮ አይደለም የምወስደው» አለ እየሳቀ። «ወረቀቱን ብቻ ነው። ወረቀት ደግሞ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ምን ያደርጋል?»

ሳርፒያ ባድሩልን አላመነችውም። ገና በሠርጉ ቀን፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር እኩል ሲስቅ አይታው አላመነችውም። ግን አማቿ ነው፤ ሮሃዩም አጠገቡ ተቀምጣ በተስፋ ታያታለች። አፏን ከፈተችና ያልጠበቀችው ነገር ወጣ።

«ምን ላድርግ ልጄ? ካቬያት አለበት እኮ።»

ባድሩል ሚስራንን ረገመ። ሮሃዩም ረገመችው። ሳርፒያም አብራቸው ረገመችው፤ ሆዷ ግን ቀለል አላት።

ከዚያ በኋላ ቃሉ በአፏ ለመደ። ጎረቤቷ ከቦዩ ዳር ያለውን ቁራጭ ልግዛው ሲላት «ካቬያት አለበት» አለች። የአጎቷ ልጅ አናናስ ልትከልበት ፈልጋ ስትጠይቃት፣ መሬቱን ማዞር ሳይሆን የሁለት ዝናብ እርሻ ብቻ ስለሆነ ካቬያት እንደማያግደው እያወቀች «ካቬያት አለበት» አለች። እያዘነች ትናገራለች፤ ሰዎቹም አብረዋት አዝነው ይሄዳሉ፤ ጥፋቱ ሁሉ የሚስራን ይሆናል። አንዳንድ ቀን ቴምፔዋን በቅጠል ስትጠቀልል ወንድሟን በልቧ ስትሰድብ ትውላለች፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ጠያቂ ደግሞ የሱን ቃል ትበደራለች።

ባድሩል የሽሪምፕ ኩሬውን አልተወም። በሚቀጥለው ቦይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መሬታቸውን አስያዙለት። ኩሬው ተቆፈረ፤ ሽሪምፑ አደገ፤ ከዚያ በሽታ ገባበትና ውኃው ላይ ነጭ ሆኖ ተንሳፈፈ። ባንኩ የሽማግሌውን መሬት ወሰደ። ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ በመንደሩ አልታዩም። ባድሩል ለጥቂት ወራት ጥርሱን አላሳየም።

አሁን መንደሩ በሚስራን ላይ ማላገጡን ተወ። «ያ ካቬያት ባይኖር ኖሮ ሳርፒያ ዛሬ የት ትገባ ነበር?» ማለት ጀመሩ። ሚስራንም ሰማ። በዋክ ሱራት ልጅ ሠርግ ላይ ሩዙና ሥጋው ቀርቦ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ።

«እኔ አስቀድሜ አይቼው ነበር» አለ፤ ጉሮሮውን ሦስተኛ ጊዜ ሲጠርግ ያኔ ነው የሰሙት። «ሕግ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ያያል። እህቴ በሰው ፊት ሰደበችኝ። ቻልኩት። እንግዲህ ምስጋና የሚገባው ለማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።»

አንዳንዶች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሁለት ሰውም «እውነት ነው» አሉ። ሳርፒያ የሩዝ ሳህኗን ከፊቷ አራቀች። ሚስራን ካቬያቱን ሲያስገባ ባድሩልን አያውቀውም ነበር፤ ስለ ሽሪምፕም አያውቅም። በስግብግብነት የዘጋው በር፣ ሌላ ስግብግብ እንዳይገባ አድርጎ ተገኘ፤ ይኸው ነው። ግን ሐሰት ነው ማለት አልቻለችም። መሬቷን ያተረፈላት ያ የረከሰ ወረቀት ነው። ከዚህ የባሰ ስድብ በሕይወቷ ማንም ሰድቧት አያውቅም።

ከሠርጉ ሲመለሱ ሮሃዩ በቦዩ ዳር አጠገቧ እየሄደች ቀስ ብላ ጠየቀቻት። «እማዬ፣ ካቬያቱ ባይኖር ኖሮ ለባድሩል ትፈርሚለት ነበር?»

ሳርፒያ ወዲያው «አልፈርምም» ልትል ነበር። አልወጣላትም። ትፈርም ነበር። ሰውየውን እንደማታምነው እያወቀች፣ ልጇ እንዳትከፋባት ስትል፣ አማቿ ፊቱን እንዳያጠቁርባት ስትል ትፈርም ነበር። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ሚስራንን እየናቀች፣ ከሚስራን ጀርባ ቆማ ነው የኖረችው። ወንድሟ በሰው መሬት ላይ ባዶ ቃል ያስቀምጣል፤ እሷ ደግሞ በዚያ ባዶ ቃል ትሸሸጋለች። ከሁለቱ የቱ ይበልጥ እንደሚናቅ ስታስበው ምራቋ መረራት።

«አላውቅም» አለች ለልጇ። ለሮሃዩ መልሱ ገባት።

በሳምንቱ ሳርፒያ ከተማ ወደሚገኙ አንዲት ጠበቃ ሄደች። ቲላጋም የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ችኩል ሴት ናቸው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ «እንዴት ይህን ያህል ጊዜ ዝም አልሽ?» አሏት።

«ወንድሜ የኔ ነው አለ። ሕግ ነው አለኝ።»

ጠበቃዋ ሳቁ። «ካቬያት እኮ ‹የኔ ነው› ማለት አይደለም። ላቲን ከሚባል የጥንት ቋንቋ የመጣ ቃል ነው፤ ሲተረጎም ‹ይጠንቀቅ› ማለት ነው።»

«ማን ነው የሚጠነቀቀው?»

«የሚመጣው ሰው። ገዢ፣ አበዳሪ፣ ማንም። ‹ከመፈረምህ በፊት እይ፤ እዚህ ጋ ክርክር አለ› ይለዋል። ከዚያ በላይ ምንም አይልም። ባለቤት አያደርግም። መብት የሌለው ሰው መብት አለኝ ብሎ ቢያስገባ ደግሞ ላደረሰው ጉዳት ራሱ ይጠየቃል።»

«ይጠንቀቅ» አለች ሳርፒያ፤ ቃሉን እንደ ትኩስ ሩዝ በአፏ እያገላበጠች። «ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ብቻ ነው።»

«እንግዲህ አንሡልኝ።»

ማመልከቻው ገባ። መሬት ጽሕፈት ቤቱ ለሚስራን ማስጠንቀቂያ ላከ፤ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ካላመጣ ካቬያቱ ይነሣል። ሳርፒያ ጉዳዩን ልትከታተል ቢሮ በሄደችበት ቀን ወንድሟ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ማስጠንቀቂያውን በእጁ ጨምድዶ ገባ። ዕድሜውን ሙሉ በሠራበት ቢሮ የሚያውቀው ሰው አጣ። ወንበሮቹም ተቀይረዋል። አንድ ወጣት ሹም አስቀመጠው።

«በመሬቱ ላይ ያለዎት መብት ምንድን ነው አባባ?»

«ታላቅ ልጅ ነኝ።»

«እሱ ልደት ነው እንጂ መብት አይደለም። ገዝተዋል? ውል አለዎት? አባትዎ ቃል የገቡልዎ ነገር አለ?»

«እኔ እዚህ ቢሮ ነው የኖርኩት!» አለ ሚስራን ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይህ ወረቀት መሬት ላይ ሲወድቅ ያነሣሁት እኔ ነኝ!»

ወጣቱ በትሕትና «እናመሰግናለን አባባ» አለውና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ሚስራን ወደ መተላለፊያው ወጣ። እህቱን አግዳሚው ላይ አያትና መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጉሮሮውን አልጠረገም። «ሳርፒያ፣ ይህን ካነሣሽብኝ ሰው ምን ይለኛል?» አላት።

እውነቱን ሲናገር የሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሊያሳዝናት ሲገባ አላሳዘናትም። እንዲህ ያለች አንዲት ቃል ከሌለችው ምንም የሌለው ሰው እንደሆነ አየች፤ ይህንንም ነበር ሁልጊዜ የናቀችበት።

«ሰውማ የሚልህን ብሎ ጨርሷል» አለችው። «ና፣ አውቶቡሱ ሳያመልጠን።» የመሳፈሪያውንም እሷ ከፈለች።

ሚስራን ፍርድ ቤት አልሄደም። ካቬያቱ ተነሣ።

ባድሩል ወሬውን በሰማ በወሩ ከሮሃዩ ጋር መጣ። አሁን የወፍ ነገር ነው የያዘው። መስኮት የሌለው ረጅም ሕንፃ ይሠራል፤ ወፎቹ ገብተው ጎጆ ይሠሩበታል፤ ጎጆውን ቻይናዎች ለሾርባ በወርቅ ዋጋ ይገዙታል። ጥርሱ ተመልሶለታል።

«እማ፣ አሁን ካቬያት የለም» አለ። «ፊርማሽ ብቻ ነው የቀረው።»

ሳርፒያ የቴምፔውን ቅጠል አስቀመጠች። ከዚህ በፊት ለማንም እንዲህ ብላ አታውቅም።

«አልፈርምም።»

«ለምን?»

«ስለማላምንህ።»

ሮሃዩ እናቷን ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት። ባድሩል ተነሣ፤ «ለሰው ሁሉ የምትነግሪው ካቬያት ነበር፤ ለካ የከለከልሽው አንቺው ነሽ» ብሎ ወጣ። ይህ በሕይወቱ ከተናገራቸው ጥቂት ትክክለኛ ነገሮች አንዱ ነው። ሮሃዩ ተከትላው ሄደች። በዚያ ዓመት ኢድ ሳርፒያ ብቻዋን በላች። ወጡን ለአራት ሰው ሠርታ ነበርና ለጎረቤት አዳረሰችው።

ከረጅም ጊዜ በኋላ ሮሃዩ አንድ ቀን ብቻዋን በአውቶቡስ መጣች። ብዙ አላወሩም። አኩሪ አተሩን አብረው አጠቡ። ሥራው ሲያልቅ ሳርፒያ «ጥጉን ቦታ ባንቺ ስም አደርግልሻለሁ» አለቻት፤ «ባንቺ ስም ብቻ።»

«ባድሩል ይከፋዋል።»

«ይክፋው። ከከፋው እኔ ጋ ይምጣ፤ እኔ እነግረዋለሁ።»

ባድሩል ከፋው፤ ጥቂት ጊዜም አኮረፈ፤ ኋላ ግን ቤቱን ሲሠሩ አሸዋ ሲያመላልስ ታየ። ለግንባታው መጀመሪያ በተደገሰው ድግስ ላይ ሚስራን ሳይጠራ መጣ። ጥሩውን ወንበር መርጦ ተቀመጠና ለግንበኞቹ ግድግዳው ከድንበሩ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ያስረዳ ጀመር። ግንበኞቹ ተያዩ። ሳርፒያ ታላቅ ነውና ከሁሉ በፊት ለሱ ሳህን ሞልታ ወሰደችለት።

«ብላ» አለችው። «ብላና ዝም በል።»

በላ። ዝም ግን አላለም።